ሻውካት ያልጻፋት ስንኝ

ኡስታዝ ፌሮዝ በሦስት ቋንቋ ነው የሚገጥሙት፤ በፋርስኛ፣ በኡርዱና በፑንጃብኛ። የከተማቸው የዋዚራባድ ሰው ፋርስኛው ባይገባውም ራሱን ይነቀንቃል፣ ኡርዱውን እያጣጣመ ይሰማል፣ ፑንጃብኛው ሲመጣ ግን «ዋህ! ዋህ!» እያለ ጭኑን ይመታል።

ቢላዋ ሠሪው ሻውካት የኡስታዙ ተማሪ ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በግጥም ጉባኤ ሊያነብ ሲል፣ ምኑን ያንብበው? የረባ ነገር አልነበረውም። ኡስታዙ ከራሳቸው የፑንጃብኛ ግጥም አንዲት ስንኝ ጻፉለትና «በል፣ ያንተ ናት፤ ዝም ብለህ አንብብ» አሉት። መምህር ለተማሪው እንዲህ ቢሰጥ እዚያ አገር ነውር የለውም። ያቺ ስንኝ ታዲያ አገር አዳረሰች። ሻውካት ከዚያ ወዲህ ስንት ጽፎ! ሰው የሚያውቀው ግን በእሷ ብቻ ነው። የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ሳይቀር ከነስሙ ተጽፋለች።

ዘንድሮ ጉባኤው በትምህርት ቤቱ ግቢ ሆነ፤ ሰዉ ፀሐይ እየሞቀ ነው የሚሰማው። ኡስታዙ እንደ ታላቅነታቸው መጨረሻ ላይ ተጠሩ። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ መርሳትም ጀምረዋል። ፋርስኛውን አሉ፣ ኡርዱውን አሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፦

«ወንዙ ቤቴን ወሰደ፤ ይውሰድ፣ ምን ቸገረኝ፤
ደጄን ሳያንኳኳ መግባቱ ነው ያስቀየመኝ።»

«ዋህ» ያለ የለም።

«የሻውካት አይደለችም እንዴ?» አለ አንዱ።

«ሽማግሌው ከተማሪያቸው መስረቅ ጀመሩ በሉኛ!» ብሎ ሌላው ሳቀ።

ሻውካት ዝም ቢል ስሙ ይተርፍለታል፤ ቢናገር ያለችውን አንዲት ነገር ያጣል። እንደ አባት ያሳደጉትን ሰው ሌባ ሲሏቸው ግን አንጀቱ አልቻለም። ብድግ አለ።

«ወንድሞቼ፣ ስንኟ የሳቸው ናት! ወላሂ፣ እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። እኔ አልጻፍኳትም!»

ግቢው በጭብጨባ ተናጋ።

«ተማሪ ማለት እንዲህ ነው!» ብሎ ጮኸ የመድረኩ መሪ። «ለመምህሩ ክብር ብሎ ስንኙን ሲሰጥ አያችሁልኝ?»

«ኧረ እውነቴን ነው የምላችሁ!»

«አቤት ትሕትና!» አሉ አንድ ሽማግሌ እንባቸውን እየጠረጉ።

አሁን የቀረው ምስክር አንድ ብቻ ነው። ሻውካት መድረኩ ላይ ወጥቶ ኡስታዙ እግር ሥር ቁጭ አለ።

«ኡስታዝጂ፣ ይንገሯቸው እንጂ! ቤትዎ በረንዳ ላይ፣ በራስዎ እጅ ጽፈው ሰጡኝ። አያስታውሱም?»

ኡስታዙ ትክ ብለው አዩት። እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«ይቅር በለኝ ልጄ፣ ያንተን ነው ለካ የወሰድኩት» አሉት ቀስ ብለው። «ግን እንዴት ያለች ስንኝ ናት! እኔ ጽፌያት ቢሆን ኖሮ በዕድሜዬ ሌላ ምን እፈልግ ነበር?»