ጠሪው ያለፈው በር

አያ አራጌ በትራቸውን ከበሩ አስደግፈው ወደ ሞተር ቤቱ ገቡ። ሀጀራ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም።

"የደብሪቱን ውሃ ለሙዓዊያ የሰጠው ማነው?" አሉ።

"ማንም አልሰጠም። ዛሬ ጠዋት ተራዋ ደረሰ፣ ስልኳ ጠራ፣ ሚስኮል አላደረገችም። አለፋት።"

"አለፋት።"

"ደንቡን ያውቁታል፣ አያ አራጌ።"

ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ከቆቦ ወደ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ለገበሬዎች በተራ ይታደላል። ቀድሞ ተራውን የሚይዙት አያ አራጌ ነበሩ፤ የውሃ አባት ይሏቸዋል። ለዘመድ ያደላሉ የሚል ወሬ በየስብሰባው እየተነሳ አስቸገረ። ያኔ ሀጀራ ተራውን ኮምፒውተር የሚይዝበትን ፕሮግራም ጻፈች። ተራው የደረሰ ገበሬ ስልኩ ይጠራል። ብዙው ማንበብ ስለማይችል ሚስኮል መልሶ ያደርጋል፤ የውሃው በር ወደ ማሳው ይከፈታል። ግማሽ ሰዓት ዝም ካለ ውሃው ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል፤ ተራው ያለፈው ዙሩ እስኪመለስ ይጠብቃል። የሰው እጅ አይገባበትም። ገበሬው የተቀበለው ለዚህ ነው።

"ወልደ ሚካኤል ትናንት ተቀበረ" አሉ አያ አራጌ። "ባሏን ቀብራ ስልክ ታቅፋ ትቀመጥልሽ?"

ሀጀራ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

"አልሰማሁም።"

"ጠሪው በአንቺ ሰፈር አላለፈም?"

አልፏል። ትናንት ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ እድር፣ የቅሬው፣ ጠሪ በየአባሉ በር እየቆመ የሟቹን ስም ሲናገር ድምፁን ሰምታ ነበር። በጎረቤቷ በየሻረግ በር ቆመ። የእሷን በር አልፎ ቀጥሎ ባለው ቆመ። ስሙን ለመለየት ከአልጋዋ አልተነሳችም። እሷን የሚጠራ አልነበረም።

እናቷን የቀበረው ይኸው ቅሬ ነው። ከቀብሩ በኋላ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይድነቃቸው ቤቷ ድረስ መጥተው፣ "የእናትሽን ቦታ ትተኪያለሽ?" ብለው ጠይቀዋት ነበር። "እዚህ ብዙ አልቆይም" አለቻቸው። አራት ዓመት ሆነው። ሻንጣዋ አሁንም ከአልጋው ሥር ነው፤ የክረምት ልብሷ ከውስጡ አልወጣም።

አዲስ አበባ ፕሮግራም በሚጻፍበት ክፍል ስትቀጠር ከእሷ በፊት ሴት አልገባበትም። ሥራ የተበላሸበት ሰው ይመጣና ከፊቷ ቆሞ፣ "ባለሙያው የት ሄደ?" ይላታል። "ይመጣል፣ ይቀመጡ" ትለዋለች። ከዚያ ታስተካክልለታለች። ሰውየው ባለሙያውን አመስግኝልኝ ብሎ ይሄዳል። ወደዚህ እስክትመጣ ድረስ እንዲህ እያለች ብዙ ዓመት ሠራች። ብቻዋን መሥራት ለመደች። በኋላ ብቻዋን መብላትም ለመደች።

"ሽንኩርቱ እንዴት ነው?" አለች።

"ራስ እየቋጠረ ነው። በዚህ ፀሐይ እስከሚቀጥለው ዙር አይቆይም። ደብሪቱ ከእንግዲህ ያላት እሱ ነው።"

"ነገ ከባሕር ዳር ፕሮግራሙን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። ያለ ሰው እጅ ይሠራል ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ከወደዱት የሌላውም አገር ጉድጓድ በእኔ ፕሮግራም ይሠራል፣ እኔም እሄዳለሁ። ዛሬ በእጄ ካዞርኩት ኮምፒውተሩ ላይ ያዩታል። ገበሬውም ነገ መጥቶ ለእኔም አዙሪ ይለኛል።"

"ይልሻል" አሉ አያ አራጌ። "እኔን ሲለኝ ኖሯል። አልሞትኩም።"

ተያይዘው ወጡ። ሙዓዊያ ማሳው ላይ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቦይ ይከፍት ነበር።

"ደብሪቱ ሐዘን ላይ መሆኗን አላወቅህም?" አለችው ሀጀራ።

"እንዴት አላውቅም? መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ እኔ ነኝ።"

"ታዲያ ሚስኮል ለምን አደረግህ?"

"ስልኬ ጠራ፣ አደረግሁ። ወልደ ሚካኤል መሞቱን አውቀሽ፣ ከእሷ ተነጋግረሽ ያሳለፍሽው መሰለኝ። አገር የሚያውቀውን አንቺ ሳታውቂ ትቀሪያለሽ ብሎ ማን ያስባል?" አካፋውን ተደገፈ። "ማሽንሽ ለቅሶ አያውቅም?"

"አልነገርኩትም።"

"ለአንቺስ የሚነግርሽ ማነው?"

አያ አራጌ ወደ ቦዩ አዩ።

"አዙሪው" አለ ሙዓዊያ። "የኔ ማሳ እስካሁን የጠጣው ለጊዜው ይይዘዋል። ብቻ ለሰው እንዳታወሪ፤ ደግ ነው ካሉኝ በሬዬን ለውሰት የሚፈልገው ይበዛል።"

ተመልሳ በእጇ አዞረችው። አያ አራጌ በትራቸውን ይዘው ውሃውን ተከትለው ወደ ደብሪቱ ማሳ ሄዱ። እሷ ከኮምፒውተሩ ፊት ቀረች። ሐዘን የገባበት ቤት ተራው ይቆየው የሚል ትእዛዝ ጻፈች። ለመጻፍ ቀላል ነበር። ከዚያ እጇ ቆመ። በማን ቤት ሐዘን እንደገባ ፕሮግራሙ ከየት ይሰማል? ለሞት ሚስኮል የሚያደርግ የለም። አንድ ሰው ሰምቶ ሊነግረው ይገባል።

ኮምፒውተሩን እንደበራ ትታው ነጠላዋን አጣፋች።

ከደብሪቱ ቤት ደጃፍ ድንኳን ተተክሏል። ሴቶቹ ሀጀራን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ማናት?" አለች አንዷ። "የኮምፒውተሯ ናት" አለች ሌላዋ። ስሟን የጠራ አልነበረም።

"ያጥናሽ" አለቻት ደብሪቱን።

ደብሪቱ ቀና አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። "ውሃው አለፈኝ አሉ።"

"አሁን ገብቷል። አያ አራጌ ቦዩ ላይ ናቸው። ያለፈሽ በእኔ ጥፋት ነው፤ አልሰማሁም ነበር።"

ደብሪቱ አላመሰገነችም፣ አልወቀሰችም። ሰሌኑ ላይ ትንሽ ተጠጋችላት። ሀጀራ ተቀመጠች። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ስለ ሟቹ ይናገራሉ፤ በሬውን ሲጠራ የነበረውን ድምፁን፣ ሳቁን። ሀጀራ ወልደ ሚካኤልን የምታውቀው በስልክ ቁጥሩ ብቻ ነበር። መልኩን ለማስታወስ ሞከረች። አልመጣላትም።

ስትወጣ ጋሽ ይድነቃቸው ድንኳኑ በር ላይ ቆመው ነበር።

"መምጣትሽ ጥሩ ነው" አሉ። "ነገ የሚመጡት እንግዶች ይዘውሽ ይሄዳሉ ሲሉ ሰማን።"

"ያለ ሰው አይሠራም እላቸዋለሁ።"

"ይቆጡ ይሆናል።"

"ይሆናል።"

"ከዚያስ የት ነሽ?"

ሀጀራ ወደ ሰፈሯ አቅጣጫ አየች። ጎረቤቷ የሻረግ ከድንኳኑ ወጥታ እሷን እየጠበቀች ነበር፤ ወይም የጠበቀቻት መሰላት።

"ጋሽ ይድነቃቸው" አለች፣ "ከእንግዲህ ጠሪው በእኔም በር ይቁም።"