የማትቆም መርፌ

ጠረጴዛው የአጎቴ ነበር። አርባ ዓመት ሰዓት ሲጠግንበት የኖረ፣ ትናንሽ ብሎኖች ተንከባለው እንዳይወድቁ ዙሪያው ላይ ቀጭን እንጨት የተመታበት ጠረጴዛ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሱቁን ግማሽ ለቀቀልኝና «ውሰጂው፤ እኔ ከእንግዲህ በር ላይ ቁጭ ብዬ አላፊ አግዳሚውን እቆጥራለሁ» አለኝ።

እኔ የፈለግሁት ሌላ ነበር። በተማርኩበት አገር የመጥለቂያ መሣሪያ የሚጠገንበት ክፍል እንደ ሆስፒታል የጸዳ ነው፤ ጠረጴዛው የማይዝግ ብረት፣ እያንዳንዱ መፍቻም በልኩ የተቆረጠ መቀመጫ አለው። ከመመለሴ በፊት ይህንኑ ሁሉ በዝርዝር ጽፌ አዝዤ ነበር። ዕቃው መርከብ ላይ ቀረ። እኔም በሳምንት ሦስት ጊዜ «ለምን ተመለስኩ?» እያልኩ ከራሴ ጋር እጣላለሁ።

ጠረጴዛውን የሞሉልኝ ሌሎች ናቸው። አናጺው ጎረቤታችን ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ ሞርሳ አምጥቶ አሰረልኝ፤ የመሣሪያዎቹን ነሐስ እንዳይነክስብኝ ጫማ ሰፊው የሞርሳውን ጥርሶች ቆዳ አለበሰልኝ። መነጽር ሻጯ የመነጽር ማጠቢያዋን ሰጠችኝ፤ ውኃውን እያንቀጠቀጠ ቆሻሻ የሚያራግፍ ትንሽ ሣጥን ነው፣ አቼቶ ጠብ ሲደረግበት የባሕር ጨውን ሙልጭ ያደርጋል። የጥርስ ሐኪም የሆነችው አክስቴ ደግሞ ያረጁ የብረት መንጠቆዎቿን በጨርቅ ጠቅልላ ላከችልኝ። አመሰግናለሁ ባልኩ ቁጥር «ኧረ ተይ፣ ቦታ ይዞብኝ ነበር» ይሉኛል። በሻንጣዬ ይዤ የመጣሁት የግፊት መለኪያውን ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ የታላቅ ወንድሜ ሬጉሌተር ሆነ። ወንድሜ ጠላቂ ነው፤ ጀልባዎች የሚታሰሩበትን ሰንሰለት ከውኃ በታች ይፈትሻል። ሬጉሌተር ደግሞ ከሲሊንደሩ የሚወጣውን የታመቀ አየር ለሳንባ በሚሆን ልክ የሚመጥን መሣሪያ ነው፤ እዚያ ታች ከሱ ሌላ ትንፋሽ የለም። ሁለተኛውን ሬጉሌተሩን ለጥገና ወደ ውጭ ከላከው አምስት ወር ሆኖታል። ሐሙስ ጠዋት መጥለቅ ነበረበት።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ፈታሁት፣ አጠብኩት፣ አደረቅሁት። አንዲት የጎማ ቀለበት ግን አልወጣም አለች። እንዲህ ያለ ቦታ በነሐስ መንጠቆ እንጂ በብረት እንደማይነካ ለፈተና ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። የነሐሱ መንጠቆ ግን መርከብ ላይ ነው። የአክስቴን አነሳሁ። ቀለበቷ ወጣች፤ መንጠቆውም አዳልጦኝ ወደ ውስጥ ገባ።

መልሼ ገጥሜ ከሲሊንደር ጋር አገናኘሁት። የግፊት መለኪያው መርፌ የዘጠኝ ተኩል ምልክት ላይ ደርሳ ቀጥ ማለት ነበረባት። አልቆመችም። እንደ ቀንድ አውጣ እየተሳበች ወደ አሥር ሄደች፤ አሥርንም አለፈች። አየሩ የሚዘጋበት አፍ ተጭሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው መሣሪያ ታች ሲደርስ አየሩን ድንገት ሊለቅና ሲሊንደሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያራግፍ ይችላል።

የግፊቱን ማስተካከያ ብሎን ትንሽ ባላላው መርፌዋ ዝቅ ካለ ቁጥር ስለምትነሣ ለአንድ ጠዋት ደህና ትመስላለች። ይህን ማሰቤን አልክድም። እጄም ወደ ካቻቪቴው ሄዶ ነበር።

አጎቴ ከበሩ ሆኖ «ምነው ጸጥ አልሽ?» አለኝ። «ጠጋኝ ጸጥ ካለ ወይ ጠፍቶበታል ወይ ሰብሯል።»

«ጫርኩት፣ አጎቴ።»

መጥቶ ማጉሊያውን ዓይኑ ላይ ሰካ። እጁ ቢደክምም ዓይኑ አልደከመም። «ጭረቷ ፀጉር ታክላለች» አለ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ ይኼ ግን የሚለቀምም አይደለም። ሂጂ ንገሪው።»

«ምን ይለኛል?»

«ያለሽን ይበልሽ። እኔ ሰዓት ባበላሽ ሰውየው ቢበዛ ከቀጠሮው ይዘገይ ነበር። ይኼኛው ግን…» ብሎ ማጉሊያውን አወለቀ።

ወንድሜን ወደቡ ላይ ቡሽ ከሚሉት ጠላቂ ጋር ገመድ ሲጠቀልል አገኘሁት። ሰውየው ቡሽ የተባለው ጀማሪ ሳለ የቱንም ያህል የእርሳስ ክብደት ቢታጠቅ አልሰምጥም ብሎ ስላስቸገረ ነው።

«ወንድም ጋሼ፣ ነገ በሱ አትጠልቅም። አበላሽቼዋለሁ።»

ቡሽ ቀደመው። «ይኼን ለማበላሸት ነው ባሕር አቋርጠሽ የተማርሽው? እኔ እዚሁ በነፃ አበላሽላችሁ ነበር'ኮ!»

ወንድሜ አልሳቀም። የሆነውን ነገርኩት፤ ማስተካከያውን ላላላው አስቤ እንደነበርም አልደበቅሁትም።

«ታዲያ ለምን አላላላሽውም?» አለኝ።

«የምትተነፍሰው አንተ ነሃ።»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ፣ እታለም?»

«ሌላም ሰው ቢሆን» አልኩ በመጨረሻ።

አየኝ። «በቃ፣ ነገ አልጠልቅም። ሰንሰለቱ እንደሆነ አይሸሽ።»

ቡሽ ጭንቅላቱን እያከከ «አንቺ ልጅ» አለኝ፣ «የኔ ሬጉሌተር ከውጭ ተጠግኖ በመጣ ቁጥር ‹እንከን የለውም› የሚል ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣው። ያበላሹት ነገር ቢኖር ይነግሩኝ ነበር ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔም እንጃ። እስቲ በዚያች መርፌሽ እዪልኝ። ደህና ከሆነ ወንድምሽ ነገ በሱ ይጥለቅ።»

ወዲያው የቡሽን ሬጉሌተር ይዘን ወደ ሱቁ ሄድንና ከአጎቴ ጋር አራታችንም ጠረጴዛው ላይ አጎነበስን። መርፌዋ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደረሰች፤ እዚያው ቀረች። አምስት ደቂቃ፣ አሥር፣ ሃያ።

«ሞተች እንዴ?» አለ ቡሽ።

«ጤነኛ ስትሆን እንዲህ ናት» አልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ወንድሜ ጠለቀ። እኔና ቡሽ ከድንጋዩ ጫፍ ተቀምጠን አረፋውን እናያለን። ብቅ ይላል፣ ይፈነዳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ደግሞ ይመጣል። በቆየ ቁጥር የኔም ትንፋሽ ይቆያል።

«አመሰግናለሁ» አልኩት።

«ዕቃዬን ስላዋስኩ?»

«ስላመንከኝ።»

«ማን አመነሽ? ያመንኩት መርፌዋን ነው» ብሎ ሳቀ፤ ዓይኑን ግን ከአረፋው ላይ አላነሳም።

ወንድሜ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ወጣ። ሬጉሌተሩን ከአፉ አውጥቶ፣ ውኃውን ከፊቱ ጠረገና «ሰንሰለቱ ደህና ነው» አለኝ፤ ያንን ስጠብቅ የቆየሁ ይመስል።

«ተመስገን» አልኩ።