ክንፍ የሌላት መኪና

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ዲትሮይት ላይ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይወርዳል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ዚግመንት ዊልክ በእውነተኛ መኪና ልክ ከጭቃ የቀረጻትን ሞዴል ለመጨረሻ ጊዜ በመዳፉ ዳሰሳት። አሥራ አንድ ወር ደክሞባታል። ትንሽ ነች፤ በዘመኑ መኪኖች ጀርባ ላይ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚቆመው ቆርቆሮም የላትም። የሚሠራበት የመኪና ፋብሪካ ገበያ ካጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይቺም ካልተሸጠች እንደሚዘጋ እሱም፣ በመገጣጠሚያው ክፍል የሚሠሩት ሁለት ወንድሞቹም ያውቃሉ።

የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሚስተር ፕሬስኮት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አንድ ጊዜ ዞሯት።

«ክንፎቿስ?»

«ሆን ብዬ ነው የተውኳቸው፣ ጌታዬ። ሰዉ ነዳጅ የማትፈጅ ትንሽ መኪና መጠየቅ ጀምሯል።»

«ዚጊ፣ የዶሮ ቤት ልትሸጥልኝ ነው እንዴ? የጎረቤት ፋብሪካዎቹን መኪኖች አላየህም? የኛ ክንፍ ከነሱ በአራት ኢንች ይብለጥ።»

«ይቺ እኮ ገበያ የምትወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ፋሽኑ ይለወጣል።»

«እንግዲያማ ስድስት አድርገው!» አሉና ሳቁ። አጅበዋቸው የመጡትም ሁሉ ሳቁ።

ዚግመንት የጭቃ መፋቂያውን አነሳ። በሙያው ደንብ የተፋቀ ጭቃ አይጣልም፤ ሰም ስላለበት በምድጃ ሞቆ ይለሰልስና እንደገና ይቀረጻል። እሱም ከመኪናዋ ገላ የፋቀውን ጭቃ አሙቆ፣ ሁለቱን ክንፎች ከዚያው ሠራቸው።

መኪናዋ ገበያ በወጣች በስድስተኛው ወር ፋብሪካው ተዘጋ።