ስምንተኛው በር

ማተሚያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። «ወንፊት» ነው የሚሏት፣ ከእጇ የሚያመልጥ ስህተት የለም ለማለት። አራሚ ናት። ድምጿ ዝቅ ያለ፣ ንግግሯ ቁጥብ፣ እርሳሷ ግን ምሕረት የማያውቅ።

ያን ቀን ጠዋት የመጨረሻውን ረቂቅ ዘርግታ እርሳሷ አልሄድ አላት። መጽሐፉ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽን ይገባል። የጻፈው አንድ ልብስ ሰፊ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉ ነው፣ አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል። ታሪኩ ስለ አንዲት አስማተኛ ነው። ሴትየዋ የብረትም ይሁን የድንጋይ፣ የተዘጋን በር በመዳፏ ነክታ ትከፍታለች። በነጻ ግን አይደለም። አንድ በር በከፈተች ቁጥር ከምትወዳቸው ሰዎች አንዱን ትረሳለች፤ ስሙንም፣ መልኩንም፣ አብረው ያሳለፉትንም። ማንን እንደምትረሳ አትመርጥም።

ወንፊት ብዙ የአስማት ታሪክ አርማለች። በአብዛኞቹ ጀግናው ጭንቅ ሲይዘው ደራሲው ከኪሱ እንደሚያወጣ ሰው አዲስ ኃይል ይጨምርለታል። ይህ ልብስ ሰፊ ግን አንዴም አላጭበረበረም። ሴትየዋ አራተኛው ምዕራፍ ላይ እናቷን ስትረሳ፣ ወንፊት እርሳሷን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ በመስኮት ስታይ ቆይታለች።

ችግሩ ምዕራፍ ሃያ አንድ ላይ ነው። የአስማተኛዋ ወንድም የታሰረበት ክፍል ውስጥ በውኃ ጥም ይሞታል። እሷ ከውጭ ወለሉ ላይ ተኝታ በበሩ ስር ባለው ክፍተት ጣቶቹን እንደያዘች ይነጋል። ወንፊት ሦስት ጊዜ አንብባ ሦስቴም አልቅሳለች። በአራተኛው ግን ዳር ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ ለምን አልከፈተችውም?

መጀመሪያ የነገረችው ለገጽ አቀናባሪው ነበር። ሳቀባት።

«እዚያው መጽሐፍ ላይ ተራራ ሲራመድ ዝም ብለሽ፣ በር ሳይከፈት ሲቀር ትጮሂያለሽ?»

ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። በልቧ ግን መልሱን ታውቀው ነበር። ሰው ተራራ ይራመዳል ብትለው ያምንሃል። የተራመደው ተራራ በማግስቱ ወንዝ መሻገር አቃተው ስትለው ግን መጽሐፉን ይዘጋብሃል። አለቃዋም ወሬውን ሰምቶ የሷ ሥራ ፊደልና ነጥብ እንደሆነ አስታወሳት፤ ታሪኩን ለባለቤቱ ተይው አላት።

ያስፈራት የባለቤቱ ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ሁለት ጊዜ ደውሎ ምዕራፍ ሃያ አንድ ቢቀር ይሻል እንደሆነ ጠይቋል። አሁን ይህን ብትነግረው ያወጣዋል። ባትነግረው ደግሞ አንባቢ ማልቀስ ያለበት ቦታ ላይ ይስቃል። በምሳ ሰዓት ረቂቁን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ የሱሪ ጫፍ እያጠፈ ነበር። ገጹን ከጠመኔው አጠገብ አኖረችለት። ዳር ያለውን ጥያቄ ሲያነብ እግሩ ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ወረደ።

«ይውጣ እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። «ድሮም ሆዴ አልተቀበለውም ነበር።»

«አይወጣም» አለች ወንፊት። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። «ይቅርታ ጋሼ። ግን አይወጣም። ከመጽሐፉ ሁሉ እሱን ነው የምወደው።»

ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ሴትየዋ እስከዚያ ድረስ ስንት በር እንደከፈተች ጠየቃት። ወንፊት ለምታርመው መጽሐፍ ሁሉ ሁለት ወረቀት ትይዛለች። አንዱ ላይ የሰዎቹን ስም ትጽፋለች፣ አጻጻፉ ከገጽ ገጽ እንዳይለያይ። ሌላው ላይ የተደረገውን ነገር ሁሉ ከነገጹ ትመዘግባለች። ሁለቱን አውጥታ ሰጠችው። ልብስ ሰፊው ጎን ለጎን ዘረጋቸውና በጣቱ እየተከተለ ቆጠረ።

«ሰባት በር ከፍታለች። የምትወዳቸው ስምንት ነበሩ። የቀረላት እሱ ብቻ ነዋ። ስምንተኛውን ብትከፍት የምትረሳው እሱን ነው።» ዓለም የሚያውቀውን ነገር የሚናገር ይመስል ነበር። «ይህንንማ ጽፌዋለሁ።»

«አልጻፉትም ጋሼ።»

«እንዴት አልጽፈውም? ወንድሟ ራሱ ይነግራታል እኮ።»

«የት ገጽ ላይ?»

ረቂቁን ተቀብሎ አገላበጠ። ወደፊት ሄደ፣ ወደኋላ ተመለሰ። የለም። ጨርቅ ሲቆርጥ፣ ካውያ ሲያግል፣ ያ ወንድም ከበሩ ጀርባ ሲናገር አሥራ አንድ ዓመት ሲሰማው ኖሯል። ከመስማት ብዛት የጻፈው መስሎት ነበር። ወንፊትም በሮቹን አንድ ባንድ ስትመዘግብ ከሰዎቹ ላይ መቀነስ ትዝ አላላትም። ሁለቱም አንዱ የሌላውን ፊት እያዩ አፈሩ።

ልብስ ሰፊው የልብስ ልክ የሚያወጣበትን ወረቀት ገልብጦ መጻፍ ጀመረ። ግማሽ ገጽ ሲሞላ ወንፊት እያመማት የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ባዶ ያለው ሦስት መስመር ብቻ መሆኑን ነገረችው። ከዚያ ካለፈ ከኋላ ያለው ገጽ ሁሉ ይናጋል፣ ማሽኑ ደግሞ አይጠብቅም። ይከፋዋል ብላ ነበር።

«ጨርቅ ያጠረው ሰው ስንት ጊዜ መጥቶብኛል» አለና መሰረዝ ያዘ። የወንድሟን ልጅነት ሰረዘ፤ ልመናውን ሰረዘ፤ እንባውንም ሰረዘ። ወንፊት አጠገቡ ቆማ ሲያጥር ሲያጥር እየከበደ የሚሄደውን ነገር ታይ ነበር። ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ የተረፈው ይኸው ነው፦

አትክፈቺው አላት ከበሩ ጀርባ። ከኔ ሌላ የምታስታውሺው ሰው የለም። ወጥቼ ባዕድ ሆኜብሽ ከምኖር፣ ወንድምሽ ሆኜ ልሙት።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ገጽ አቀናባሪው መስመሮቹን አስገባ፤ ልክክ አሉ። አለቃው ለሙከራ የታተመውን ገጽ ወንፊት ፊት ቆሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፤ ቆይቶ መልሶ አደረገው።

«ስህተት አለው?» አላት፣ ለመፈረም እስክሪብቶውን እያወጣ።

የለውም ልትል አፏን ከከፈተች በኋላ ቆመች። ከልብስ ሰፊው ቤት እስከዚህ ድረስ እነዚያን መስመሮች እየደጋገመች አንብባቸዋለች። አንድ ፊደል ግን ልብ ብላ አላየችም።

«ይስጡኝ» አለች፣ ጆሮዋ እየጋለ። «ገና አላረምኩትም።»