የጎለበተ ምንጭ

ኢዘዲን መርሳ ላይ ስልክ ይጠግናል። እጁ እንጂ አፉ አይፈታም፤ ደንበኛ ሲያመሰግነው እንኳ መልሱን ለካቻቢቴው ነው የሚነግረው።

ዘንድሮ ግን አፍ የሚፈልግ ጉዳይ መጣበት። የማዳበሪያ ምዝገባ በፕሮግራም ሆነ። ፕሮግራሙ በኮምፒውተር እንጂ በስልክ አይከፈትም፤ በስልክ ሲነኩት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ባለመሬቱ ራሱ ካሜራ ፊት ካልቀረበ አይመዘግብም፤ ውክልናም አይቀበልም። ግራና ቀበሌ ያለችው እህቱ ለይላ ደግሞ አራስ ናት። ባሏ ጅዳ ነው፣ መሬቱ በስሟ ነው፣ ምዝገባው የሚዘጋውም አርባ ቀኗ ሳይሞላ ነው። ዓምና ሳትመዘገብ ቀርታ ጤፏ ቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቀርቷል።

«ስንቱን የሞተ ስልክ ታስነሳ የለ፤ ይችን አታስነሳልኝም?» አለችው።

ያስነሳ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ከስልኩ እያየ ተምሯል። የፕሮግራሙን የውስጥ ጽሑፍ ቢሰጡት በሳምንት ውስጥ በስልክ እንዲሠራ ያደርገዋል። የመንግሥት ንብረት የሕዝብ ነው፤ ቢጠየቅ ምን ነውር አለው? ሙያተኞቹ «ሶርስ ኮድ» ይሉታል። ኢዘዲን ግን ደብዳቤ ላይ የፈረንጅ ቃል መደንቀር አይወድም። ሦስት ጊዜ ገልብጦ፣ ንጉሡን «ሠ» ከእሳቱ «ሰ» ለይቶ፣ «ጉዳዩ፦ ምንጭ ኮድ ስለመጠየቅ» ብሎ ጻፈ።

ወልድያ ዞን አስተዳደር ሄደ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቶ ፈንታው ከርእሱ በታች ሳያነቡ ማኅተም መቱበት። ኢዘዲን ሊያስረዳቸው አፉን ከፈተ፤ ከኋላው ሰልፍ አለ፤ መልሶ ዘጋው።

በሳምንቱ «ተመርቷል» አሉት። በሌላው ሳምንት «ባለሙያው መስክ ነው» አሉት። ለይላ ትደውላለች፤ «ሕፃኑ ሊድህ ነው፣ አንተ ገና ወልድያ ነህ?»

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ መልስ ተሰጠው። ደረጃው ላይ ቆሞ አነበበው። «የጠየቁት ምንጭ የሚገኝበት ቀበሌና ጎጥ ስላልተገለጸ መለያ ኮዱን መስጠት አልተቻለም። ምንጩ የጎለበተ ወይም ያልጎለበተ መሆኑ ተጠቅሶ ይቅረብ።»

ደብዳቤው ይህን ሁሉ ቀን የተኛው ውሃ ክፍል ነበር።

ሰልፉን ጥሶ አቶ ፈንታው ዘንድ ገባ። «ጋሼ፣ ይኼ የሚጠጣ ምንጭ አይደለም!» ድምፁ ራሱን አስደነገጠው።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ሶርስ ኮድ! የማዳበሪያው ፕሮግራም ሶርስ ኮድ!»

አቶ ፈንታው መነጽራቸውን አወለቁ። «አሃ፣ ሶርስ ኮድ! ምነው አንተ ልጅ፣ እንዲህ ብለህ በአማርኛ ብትጽፈው?»

ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

«አሁንስ?»

«አዲስ ደብዳቤ ጻፋ። ይመራል። አሥራ አምስት ቀን ቢፈጅ ነው።»

«ምዝገባው ነገ ይዘጋል እኮ!»

«እኔ መዝገብ ቤት ነኝ፣ ልጄ።»

ኢዘዲን እዚያው «ሶርስ ኮድ» ብሎ አዲስ ደብዳቤ አስገባ። ዓርብ ጠዋት የሱቁን አሮጌ ኮምፒውተር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ወደ ግራና ተሳፈረ። ያች ኮምፒውተር ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ስትዛወር እንኳ ሦስት ቀን ትታመማለች። ለዚህ ነበር እስከ ዛሬ ያልደፈራት። በየጉድጓዱ መኪናው ሲነጥር ውስጧ የሆነ ብሎን ይንኳኳል፤ የትኛው እንደሆነ ያውቃል።

በአራተኛው ሙከራ ተነሣች። ለይላ ሕፃኑን አቅፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ካሜራው ፊት ተቀመጠች። «ተመዝግበዋል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። «አልሐምዱሊላህ!» አለችና ወንድሟን በሕፃኑ እግር ትከሻውን መታችው።

ኢዘዲን ቀና ሲል ግቢው ሞልቷል። ኮምፒውተር መጣ ሲባል ጎረቤቱ ሁሉ፣ ነጭ የሆነ ስልኩን ይዞ፣ በር ላይ ተሰልፏል። ሁለት ሰው መዘገበ። ሦስተኛው ሲቀመጥ መብራት ጠፋ። ምዝገባው እስከሚዘጋበት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቁ፤ አልመጣም።

የተቋረጠው ተራ የጎረቤቱ የሸህ አብዱልጀሊል ነበር። «ነገ ይሠራል፣ ልጄ?»

«ነገ ምዝገባው ዝግ ነው፣ አባቴ።»

ሸሁ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ነጩን ገጽ አሳዩት። «ይኼስ?»

ኢዘዲን ኮምፒውተሯን በብርድ ልብሱ መጠቅለል ጀመረ።

«እሱ እንኳ ተመርቷል» አለ።