የዲያኖራ አንሶላ

የምንገነባው የካቴድራሉ ጉልላት ላይ ጠዋት የወጣ ግንበኛ እስኪመሽ አይወርድም፤ ሕጉ ነው። ዳቦውም ውሃ የበዛበት ወይኑም እዚያው ይመጣልናል። ደረጃው ጉልበት ይጨርሳል፣ ጉልበታችሁ ደግሞ የካቴድራሉ ነው ይላል አለቃችን ባርዱቾ።

የዚያን ቀን ግን የኖፍሪ ልብ ታች ነበር። ሚስቱን ዲያኖራን ምጥ ይዟታል። ከአርኖ ወንዝ ማዶ ያለው ቤቱ ከላይ ሆነን ስናየው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አማቱ ልጁ በሰላም ከተወለደ መስኮቱ ላይ ነጭ አንሶላ ልትሰቅልለት ተስማምተዋል። ጡብ ባስቀመጠ ቁጥር አንገቱን ያዞራል። እኛም አልማርነውም፤ ልጁ የጎረቤትህን አፍንጫ ይዞ ነው የሚመጣው እያልን አበሸቅነው።

እኩለ ቀን ላይ ዳቦ ያመጣው ሰውዬ ባርዱቾ ጆሮ ላይ አንሾካሾከ። ደሟ አልቆም ብሏል፣ ባሌን ጥሩልኝ እያለች ነው፣ ቄሱም መጥተዋል ነበር ያለው። እኛ ይህን የሰማነው ማታ ነው። ባርዱቾ ዳቦውን አላምጦ ዋጠና ወደ ሥራችን መለሰን። ጉልላቱን ከሥር የሚደግፍ እንጨት የለም፤ የተጀመረው የጡብ ዙር ክቡ ሳይዘጋ ካደረ ጡቡ ወደ ውስጥ ይናዳል። ጡቡን አንዱን አጋድሞ አንዱን አቁሞ እንደ ኖፍሪ የሚያቆላልፍ ደግሞ አልነበረም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንሶላው ተሰቀለ። ኖፍሪ አለቀሰ፤ የወይን ድርሻውን ለእኛ አደለ። ከዚያ እየዘፈነ ዙሩን ዘጋው። እንደዚያ ያማረ ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም። ባርዱቾ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣

«እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለው። እያወቀ ነው፣ አረመኔ።

ኖፍሪ ቤቱ ሲደርስ ዲያኖራ ከነልጇ ሞታ ቀዝቅዛለች። ቤት ውስጥ ያለው አንሶላ ያ ብቻ ነበር። አማቱ ደሙን አጥባ የሰቀለችው መገነዣ እንዲሆን ነው። ስምምነታቸውን በድንጋጤ ጨርሳ ረስታዋለች።

በቀበራት ማግስት መዶሻ ይዞ ወጣና የራሱን ጡቦች መንቀል ጀመረ። ኖራው ገና አልጠነከረም። ማናችንም አልያዝነውም። ባርዱቾ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«ጠርታኝ ነበር?» አለ ኖፍሪ።

«ጠርታሃለች።»

«ለምን ደበቅከኝ?»

«ብነግርህ ዙሩን ማን ይዘጋልኝ ነበር?» ባርዱቾ የተነቀለውን ቦታ ጎንበስ ብሎ አየ። «በል መልሰህ ድፈነው፤ ሌሎቹን ሥራ አታስፈታ።»

ኖፍሪ መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ ተንበርክኮ የነቀላቸውን ጡቦች መጥረግ ጀመረ። እኛም ኖራ አቀበልነው።