ኤሌኒ የቆረጠችው ጥቁር ክር

ኤሌኒ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል። ፍርሃት እንዳይመስላችሁ፤ ደስታው ነው ዕረፍት የነሣት። ደብረ ታቦር ከተማ፣ በእሑድ ከሰዓት፣ አምስት መቶ ሰው አዳራሽ ሞልቶ እሷን ይጠብቃል። ወንበር ያጣው መስኮት ላይ ተንጠልጥሏል።

ሦስት ዓመት ዱባይ የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ ነው የተመለሰችው። ወርቅ ይዛ ትመጣለች ብሎ የጠበቀው ዘመድ ሁሉ እጁን አጣጥፎ ቀረ። እሷ ያመጣችው ሙያ ነው። በአሠሪዎቿ ልጅ ልደት ላይ አንድ ሰውዬ ከባዶ እጁ መሐረብ ሲመዝ አየች፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ሌሊት ሌሊት በስልኳ እያየች፣ ጣቶቿ እስኪዝሉ ተለማመደች። አሁን የሞባይል ዕቃ ሱቅ ተቀጥራ ስትሠራም፣ ለደንበኛ መልስ የምትሰጠው ሳንቲም አንዴ ሳይጠፋ አይደርስም።

ሁሉም ሲስቅ ያልሳቀችው እናቷ ጌጤ ብቻ ናት። ከጋፋት ልጇን ልትጠይቅ መጥታ፣ የራሷ መዳፍ ላይ የነበረው ሳንቲም ድንገት ሲሰወር አማተበች።

«ልጄን ዐረብ አገር ለክፎ ላከልኝ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኤሌኒ እጅ አትበላም። ዳቦ ስትቆርስላት «ጠግቤያለሁ» ትላለች፤ ውኃ ስትቀዳላት ራሷ ተነሥታ ትቀዳለች። እናት ከልጇ እጅ አልበላም ካለች ከዚህ የባሰ ምን አለ? ኤሌኒ ስድስት ወር ስትለማመጥ ከርማ በመጨረሻ ቁርጡን ተናገረች።

«እማዬ፣ አንድ ጊዜ መጥተሽ እይልኝ። ካየሽ በኋላም ጋኔን ነው ካልሽ፣ በማርያም፣ እተወዋለሁ። ጠበልም እገባለሁ።»

ጌጤ ተስማማች። አሁን የፊተኛው ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ፊቷን ቋጥራ ተቀምጣለች።

ችግሩ የጀመረው ጠዋት ነው። ኤሌኒ ለወራት የተለማመደችው በነጭ ገመድ ነበር። ነጩን ቀሚሷን ለብሳ በመስታወት ስትታይ ግን ገመዱ ቀሚሱ ላይ አልለይ አላት። ሮጣ ኢብራሂም ሱቅ ገባች።

«ጥቁር ክር፣ ወፈር ያለ፣ ሦስት ክንድ።»

ኢብራሂም በክንዱ እየለካ «ክርስትና አለ እንዴ?» አላት።

«አዎ፣ አዎ» አለችና ወጣች። ልቧ መድረክ ላይ ነበር፤ ምን እንደጠየቃት እንኳ አልሰማችም። ብትሰማ ኖሮ!

መጋረጃው ተከፈተ። በሳንቲሙ አሳቀቻቸው፣ በመሐረቡ አስፏጨቻቸው። ሰውነቷ በሙሉ ይዘፍናል። ከዚያ ጥቁሩን ክር ከፍ አድርጋ «ሦስት ክንድ ሙሉ ክር!» ብላ አሳየች፣ ለሁለት አጠፈች፣ ፈገግ እንዳለች በመቀስ ቆረጠችው።

አዳራሹ ጸጥ አለ። በመጀመሪያ አድናቆት መሰላት። ቀጥሎ እጆች አንድ በአንድ ወደ አንገት ሲሄዱ አየች፤ ሰው ሁሉ የገዛ ማተቡን እየዳበሰ ነው። ያን ጊዜ ገባት። ጥቁር ክር እዚህ አገር ማተብ ነው፤ ማተቡን የቆረጠ ደግሞ ሃይማኖቱን የካደ ነው። እሷ በእናቷ ፊት እየሳቀች ቆርጣዋለች።

የእድሩ ዳኛ አያ ይሻው ተነሡ።

«አንች ልጅ፣ ምን ማድረግሽ ነው?»

ኤሌኒ መሮጥ አማራት። ግን ተቆርጦ ከቀረ የባሰ ነው። የአዳራሹን ዓይን ስታይ ደግሞ አንድ ነገር ተገለጠላት፤ ይህ ሁሉ ሰው ክሩ እንዲቀጠል ይፈልጋል። እንዲህ የሚፈልግ ተመልካች ዱባይ ያ ሰውዬ እንኳ አላገኘም። ደስታዋ እንደገና ተቀጣጠለ።

«ይቀጠላል» አለች ጮክ ብላ።

ጫፎቹን ቋጠረች፣ ክሩን ግራ እጇ ላይ ጠመጠመች፣ እፍ አለችበት፣ ሳበችው። ቋጠሮ የለም፣ ክሩ ድፍን ነው። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ።

አያ ይሻው ግን መድረኩ ላይ ወጥተዋል። ክሩን ግራና ቀኝ ጎተቱት፤ አልተበጠሰም። ኤሌኒን ትክ ብለው አዩ።

«እጅሽን ክፈች።»

ቋጠሮው ግራ ጭብጧ ውስጥ ነው። የቆረጠችው መሃሉን ሳይሆን ከጫፉ ጣት የምታክል ቁራጭ ነበር፤ እሷኑ ክሩ ላይ ቋጥራ ስትጠመጥም አንሸራትታ አወጣቻት። ሌላ ጊዜ መቀሱን ስትመልስ ቦርሳ ውስጥ ትጥላታለች፤ ዛሬ አያ ይሻው ከቦርሳው ፊት ቆመዋል። ብትከፍት መሳቂያ ናት፤ ባትከፍት «ጋኔኑን ጨብጣዋለች» ይባላል።

«ይቆዩ እስቲ» አለ አንድ ድምፅ። ጌጤ ደረጃውን እየወጣች ነበር።

ክሩን ከአያ ይሻው እጅ ተቀበለች። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። ክሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቿ መሃል አሳለፈችው፤ ባዲስ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። በክንዷ ለካችው። ሦስት ክንድ ሊሞላ ጣት ይቀረዋል። ቀና ብላ የልጇን ግራ እጅ አየች።

ኤሌኒ ጭብጧን አጠበቀች።

«የልጄን እጅ እኔ ልክፈተው» አለች ጌጤ።

ጭብጧን በሁለት እጇ ያዘች፣ ወደ አፏ አስጠግታ ሳመችው። ጭብጡን ሳትለቅ ጠጋ ብላ በጆሮዋ «አንች ቀጣፊ! ሙያ ነው ለካ!» አለቻት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ አዙራ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው።

መዳፉ ባዶ ነው። አያ ይሻው ጎንበስ ብለው አዩ፣ የኤሌኒን ቀኝ እጅም አስከፍተው አዩ፣ መጨረሻ ላይ እሳቸውም ሳቁ። አምስት መቶ ሰው ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

ጌጤ ብቻ አላጨበጨበችም። ወንበሯ ላይ ተመልሳ፣ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ እንደጨበጠች፣ ልጇን እያየች ትስቅ ነበር።